ዝግተኛው ተሽከርካሪና የደምበጫ አውራ ጎዳና

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይላል የአገራችን ሰው። በእግሩ መሄድ ከጀመረ በኋላ በየትኛው መንገድ መሄድ እንደሚገባው ግን ተረቱ አልነገረንም። የዛሬው ጉዳያችን ይኸው ነው።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ፥ ስለ ኤሌክትሪክ ተሽከርካሪ በተነሣ ቁጥር ሁላችንም የምናስበው የአዲስ አበባን ሰፋፊ ጎዳና ነው። እኔ ግን የማስበው ደምበጫን ነው። በዚያ ሰውን የሚያመላልሰው ባለ ሦስት እግሩ ባጃጅ ነው፤ ቤንዚን በጠፋ ቀን ነጂው ሥራ ፈትቶ ይውላል፥ በሽተኛውም ደጅ ይቀራል።

ዘገምተኛው የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪ ለደጋ አገር ይስማማል። ደምበጫ ከ2000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ አየሯ ስስ ነው፤ የቤንዚን ሞተርም በዚህ ከፍታ ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል። የኤሌክትሪክ ሞተር ግን አየር ስለማይስብ ጉልበቱ አይጎድልም። ባትሪውም ሌሊት፥ ምጣድ ሁሉ ከጠፋ በኋላ፥ ሊሞላ ይችላል።

እንቅፋቱ ሌላ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር የሚወስደው አውራ ጎዳና ከተማይቱን መካከል ለመካከል ሰንጥቆ ያልፋል። ዝግተኛው በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ሲጓዝ፥ በ60 የሚበር የጭነት መኪና ከ100 ሜትር በኋላ ቢከተለው በ10 ሰከንድ ይደርስበታል። እንግዲህ አደጋው የሚመጣው ከዝግታው ሳይሆን ከፍጥነቱ ልዩነት ነው። ድምፅ የሌለው በመሆኑም በገበያ ቀን አህያ የሚነዳ ገበሬ መምጣቱን አይሰማም።

አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ1998 ለእነዚህ ተሽከርካሪዎች የተለየ ደንብ አወጡ፤ የፍጥነታቸው ጣሪያ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ሆኖ መብራት፥ መስተዋትና የደኅንነት ቀበቶ እንዲኖራቸው አዘዙ። ብዙዎቹ ክፍላተ አገራቸውም ፈጣን መኪና ከሚበዛበት ጎዳና አገዷቸው። በእኛ አገር በ2015 ዓ.ም. የአዲስ አበባ አስተዳደር ባጃጆችን በጠቅላላው ለጊዜው ማገዱ ይታወሳል፤ ያን ጊዜ የተጎዳው እግረኛውና ነጂው ነበር።

ለደምበጫ የሚበጀው መካከለኛው መንገድ ነው። ዝግተኛው በውስጥ ለውስጥ መንገድ ይሥራ፤ አውራ ጎዳናውን በተወሰነ መሻገሪያ ብቻ ያቋርጥ፤ ነጂው መንጃ ፈቃድ ይኑረው፤ የጭነት መኪናውም ከተማ ሲገባ ፍጥነቱን ይቀንስ።

ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ፥ ማገድ በአንድ ደብዳቤ ያልቃል። ለደካማው መንገድ መስጠት ግን ማሰብን ይጠይቃል፤ እኛስ የተማርነው ለዚሁ አይደለምን?