ያውቁ ኖሯል? የስንብቱ ሲምፎኒ እና ኤፍ ሻርፕ ሚነር

▪ ኦስትሪያዊው የሙዚቃ ደራሲ ዮሴፍ ሃይድን በ1772 እ.ኤ.አ. «የስንብት» የሚባለውን 45ኛ ሲምፎኒውን ሲደርስ የመረጠው ቅኝት ኤፍ ሻርፕ ሚነር ነው። በዘመኑ በዚህ ቅኝት ሲምፎኒ መድረስ እጅግ ብርቅ ነበር።

▪ አንዱ እንቅፋት ሆርን የተባለው የትንፋሽ መሣሪያ ነበር። የያኔው ሆርን በጣት የሚጫኑት ቁልፍ ስላልነበረው፣ ቅኝት የሚቀየረው ተጨማሪ ጥምዝ ቱቦ በመግጠም ነበር። ሃይድን ለዚህ ሥራ ድምፁን በግማሽ ቶን የሚለውጥ ቱቦ በልዩ ትእዛዝ አሠራ።

▪ የሃይድን አሠሪ ልዑል ኒኮላውስ ኤስተርሃዚ በሃንጋሪ በሚገኘው የበጋ ቤተ መንግሥቱ ከወትሮው በላይ ቆይቶ ነበር። ሙዚቀኞቹ ደግሞ በአይዘንሽታት የቀሩት ሚስቶቻቸው ናፍቀዋቸዋል። ሃይድን አቤቱታቸውን በሙዚቃ አቀረበላቸው፦ በመጨረሻው ክፍል ተጫዋቾቹ በየተራ ድርሻቸውን ጨርሰው፣ ሻማቸውን አጥፍተው ይወጣሉ፤ የሚቀሩት ሁለት ቫዮሊኖች ብቻ ናቸው። መልእክቱ የገባው ልዑል በማግስቱ ጉዞ እንዲጀመር አዘዘ ይባላል።

▪ ሚነርን ከሜጀር የሚለየው ዋናው ነገር ሦስተኛው ድምፅ በግማሽ ቶን ዝቅ ማለቱ ነው። ይህች ጥቂት ልዩነት የዜማውን ስሜት ፈጽማ ትለውጣለች። በቁጣ የሚጀምረው ይህ ሲምፎኒም የሚያበቃው በኤፍ ሻርፕ ሜጀር ነው። ሲያዳምጡት፣ ኀዘኑና ቁጣው ወደ እርጋታ የሚሻገሩበትን ቦታ ጆሮዎ ራሱ ይነግርዎታል።