እንግዳ የሌለበት በዓል

በእነሞር መንደሮች የመስከረም 16 ደመራ ማገዶ የሚዘጋጀው ክረምቱ ሳይገባ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ጉንችሬና ዙሪያዋ ጭቃና ጉም ስለሚሆኑ በዚያ ወቅት የተቆረጠ ባሕር ዛፍ ለበዓሉ አይደርስም። ስለዚህ የመንደሩ ጎረምሶች ዝናቡ ሳይበረታ ግንዱን ጥለው፣ ፈልጠው፣ እርጥበት ከማያገኘው ጥግ ይከምሩታል። ለዚህ ሥራ የሚከፍላቸው የለም፤ የሚጠይቅም የለም። የጉራጌን መስቀል ለማያውቀው ሰው አስተዋውቅ ብባል ከዚህ የእንጨት ክምር እጀምራለሁ። ክትፎውንና ጭፈራውን ሁሉም ሰምቷል፤ በዓሉን ያቆመው ግን ከግንቦት ጀምሮ ያለ ክፍያ የሚፈስ ጉልበት ነው። እኔም ስለዚሁ ጉልበት ልጽፍ ተነሳሁ።

ጉንችሬ በጉራጌ ዞን የእነሞር መዲና ናት። ከአዲስ አበባ ተነስቶ ወልቂጤን፣ ከዚያም እምድብርን ያለፈ ተጓዥ ያገኛታል። ከተማዋ ትንሽ ናት፤ ግርማው ያለው ከከተማዋ ወጣ ብለው በተሰለፉት መንደሮች ውስጥ ነው። እያንዳንዱ መንደር ጀፎረ አለው፤ ጀፎረ ማለት በመንደሩ መሃል የሚያልፍ፣ ሣር የለበሰ፣ እጅግ ሰፊ ጎዳና ነው። ጎጆዎቹ ፊታቸውን ወደ እሱ መልሰው ግራና ቀኝ ይሰለፋሉ፤ የእንሰቱ ማሳ ከየቤቱ ጀርባ ነው። ጀፎረን ማጠር፣ ማረስ ወይም ገፍቶ መያዝ በባህላዊው ሥርዓት ያስቀጣል። ከብት ይሰማራበታል፣ ሙሽራ ይሸኝበታል፣ ለቅሶ ይቀመጡበታል፣ ሽማግሌ ነገር ይሰማበታል፤ ደመራውም የሚነደው እዚያው ነው። ጉራጌ ለአደባባዩ ያደረገውን ጥንቃቄ ብዙ የከተማ ፕላን አውጪዎች ቢያጠኑት እወዳለሁ።

መስቀል በመላ ኢትዮጵያ የሚከበር የክርስቲያን በዓል ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2013 በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ መዝገብ ላይ ሰፍሯል። እነሞርን ጨምሮ በሰባት ቤት ጉራጌ ግን ከአንድ ቀን በዓልነት አልፎ የዓመቱ መዞሪያ ሆኗል። ዕዳ የሚከፈለው፣ ሠርግ የሚታሰበው፣ ቤት የሚታደሰው በእሱ ተቆጥሮ ነው። የበዓሉ ቀናትም እንደየአካባቢው በጥቂቱ እየተለያዩ የየራሳቸው ስም አላቸው። ደንጌሳት በሚባለው ቀን ጎመን በአይብና በቅቤ ይቀርባል፤ መስከረም 15 ወኽምያ ነው፣ በሬው ይታረዳል፤ በ16 ምሽት ደመራው ይነዳል። ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት አማች ይጠየቃል፣ ዘመድ ይጎበኛል። በክስታኔ ጉራጌ በኩል ደግሞ አዳብና የሚሉት አለ፤ ወጣቶች ሲጨፍሩ ይውላሉ፣ የሚተጫጩትም በዚያው ይተያያሉ።

እነዚህ ቀናት እንዲያምሩ የሚደክመው ማነው? ሥራው በዕድሜና በጾታ ተከፍሎ ያለቀ ስለሆነ ማንም ማንንም አያዝም። አባት በሬውን ያስባል። ብቻውን ካልቻለ ከጎረቤት ጋር ይጣመራል፤ ብዙዎች ለዚህ ሲሉ ዓመቱን ሙሉ በማኅበር ያጠራቅማሉ። ጎረምሳው ማገዶውን ይፈልጣል፣ የተጎዳውን ጣሪያ ይከድናል። ልጃገረዶች ግድግዳውን ይለቀልቃሉ፣ በአፈር ቀለም ያስውባሉ፣ አዲስ ጅባ ያነጥፋሉ። ሽማግሌዎቹ ከሁሉ የሚከብደው ድርሻ አለባቸው። የተጣላ ሰው ቂም ይዞ ወደ ደመራው መምጣት ነውር በመሆኑ ከበዓሉ በፊት ባሉት ሳምንታት ከቤት ቤት እየዞሩ ያስታርቃሉ። አንዳንዱ ጠብ የወሰን ነው፣ አንዳንዱ የውርስ፣ አንዳንዱ መነሻው የተረሳ። ሁሉም ከመስከረም 16 ምሽት በፊት ማለቅ አለበት።

እናቶች ጋ ስንደርስ ሥራው ሌላ መጠን ይይዛል። ከእንሰቱ ሥራ አጠገብ እርዱ የአንድ ጠዋት ጉዳይ ነው። ተክሉ ተነቅሎ ግንዱ በየንጣፉ ይላጣል። ሴትዮዋ መሬት ላይ ተቀምጣ ንጣፉን ዘንበል ባለ ሳንቃ ላይ ትዘረጋዋለች፤ ጫፉን በተረከዟ ረግጣ ትይዛለች፤ ከዚያ በተሰነጠቀ ቀርከሃ ከላይ ወደ ታች ትፍቀዋለች። ነጩ ሥጋ ከሥር በተነጠፈው ኮባ ላይ ይወርዳል፣ በሳንቃው ላይ የሚቀረው ቃጫ ነው። የሥሩ ኮረት ተጨፍጭፎ ይጨመራል። ተጨምቆ የወጣው ውሃ ሲረጋ ከታች የሚዘቅጠው ነጭ ነገር ቡላ ይሆናል። የቀረው በኮባ በተሸፈነ ጉድጓድ ተቀብሮ ለወራት ይብላላል። ለመስቀል የሚበላው ቆጮ እንግዲህ በጋውን በመሬት ውስጥ የከረመ ነው። ሲወጣም ሥራው አላበቃም፤ በጨርቅ ተጨምቆ፣ ቃጫው እንዳይሰማ በቢላ ደጋግሞ ተከትክቶ፣ በኮባ ተሸፍኖ ምጣድ ላይ ይጋገራል።

ቅቤውም እንዲሁ የወራት ጉዳይ ነው። አንዲት ላም ያላት ሴት ለበዓል የሚበቃ ቅቤ ብቻዋን አታወጣም። ስለዚህ ሴቶች ውጆ የሚሉት የቅቤ ማኅበር አላቸው፤ እያንዳንዷ ያላትን ታዋጣለች፣ የተሰበሰበው በየተራ ለአንዷ ይሰጣል። በዓሉ ሲቃረብ ቅቤው በኮረሪማና በኮሰረት ይነጠራል። በወኽምያ ማታ ጅማቱ ተለቅሞ የወጣው ሥጋ በስለታም ቢላ እስኪልም ሲከተከት፣ የሚገባበት ቅቤ የብዙ ጎረቤት እጅ ያለበት ነው።

ከበዓሉ አስቀድሞ በአዲስ አበባ የሚኖረው ጉራጌ ወደ አገሩ ይንቀሳቀሳል። መርካቶ ውስጥ ብዙ ሱቆች ይዘጋሉ፤ የወልቂጤና የቡታጅራ መኪና ሰልፉ ይረዝማል። ከድሬዳዋ፣ ከሐዋሳ፣ ከባሕር ማዶም የሚመጣ አለ። ሙስሊሙ ጉራጌ በአረፋ እንደዚሁ ወደ አገሩ ይጎርፋል። በሁለቱም በዓል ጎረቤት ለጎረቤት ይደሰታል፤ በቀሪው ዓመት ጸጥ ያለው መንደር በቀናት ውስጥ ይሞላል።

ይህን ሁሉ በዓለም ከታወቀ አንድ ሌላ የእሳት በዓል ጋር አስተያይቶ ማየት ይጠቅመናል። በአሜሪካ፣ ኔቫዳ ግዛት፣ ብላክ ሮክ በሚባል በረሃ በየዓመቱ በርኒንግ ማን የሚሉት ትልቅ የሥነ ጥበብ ጉባኤ ይደረጋል። ጊዜው ከነሐሴ መጨረሻ እስከ ጳጉሜ መግቢያ ባለው ሳምንት ነው፤ የእኛ እናቶች ቅቤ የሚያሰባስቡበት ሰሞን። ጅማሬው ትንሽ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1986 ላሪ ሃርቪና ጄሪ ጄምስ የተባሉ ወዳጆች ሳን ፍራንሲስኮ ባሕር ዳርቻ ላይ 2.4 ሜትር ያህል ቁመት ያለው የእንጨት ሰው ሠርተው አቃጠሉ። በ1990 ፖሊስ ማቃጠሉን ስለከለከለ ወደ በረሃው ተዛወሩ። ዛሬ 70 ሺህ ገደማ ሰው በዚያ ሜዳ ላይ ለአንድ ሳምንት ከተማ ሠርቶ ይኖራል።

ቦታው የደረቀ ሐይቅ ወለል ነው። ዛፍ የለም፣ ውሃ የለም፤ ነፋስ ሲነሳ ነጭ አቧራ ሁሉን ይሸፍናል። በከተማይቱ ውስጥ ከበረዶ በቀር የሚሸጥ ነገር ፈልጎ ማግኘት አስቸጋሪ ነው፤ ምግቡንም፣ ሙዚቃውንም፣ የጸጉር ቆረጣውንም ሰዎች በስጦታ ይሰጣጣሉ። አርቲስቶች ወራት የለፉበትን ግዙፍ ቅርጽ አምጥተው ያቆማሉ፤ ጥቂቶቹ በመጨረሻ ይቃጠላሉ። ቅዳሜ ማታ የእንጨቱ ሰው ይነዳል። እሑድ ማታ ደግሞ መቅደስ የሚሉት የእንጨት ሕንጻ ይቃጠላል። የመጀመሪያውን እ.ኤ.አ. በ2000 የሠራው ዴቪድ ቤስት ነው። ሰዎች ሳምንቱን ሙሉ በግድግዳው ላይ የሟቾቻቸውን ስም ይጽፋሉ፤ ሲነድ ያ ሁሉ ሕዝብ ዝም ይላል።

የእኔን ቀልብ የሳበው ግን ሥራው እንዴት እንደሚከፋፈል ነው። ከተማይቱን በአብዛኛው የሚያንቀሳቅሱት በሺዎች የሚቆጠሩ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። በር ላይ ቆሞ የሚቀበል አለ፤ አዲስ መጤውን ደወል ያስደውላል፣ አቧራው ላይ ያንከባልላል። እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ ሬንጀር የሚባሉ ሠልጥነው የሚሠማሩ አሉ፤ የጠፋ ይፈልጋሉ፣ የተጣላ ያበርዳሉ። ነጭ ልብስ ለብሰው በየማታው ፋኖስ እየተሸከሙ በየጎዳናው ምሰሶ ላይ የሚሰቅሉም አሉ። ሁሉም አስቀድሞ ይመዘገባል፣ ተራ ይደርሰዋል። ልብ ካልን እነዚህ የእኛው ሥራዎች ናቸው፤ የሬንጀሩ ሥራ የሽማግሌዎቹ ነው፣ የፋኖሱ ሥራ የጎረምሶቹ። የኔቫዳዎቹ ሰዎች ተሳትፎን፣ ስጦታንና የጋራ ጥረትን ጨምሮ አሥር መርሆቻቸውን እ.ኤ.አ. በ2004 በጽሑፍ አስቀምጠዋል። የጀፎረ ሰው ይህን በቃል ይዞት ኖሯል።

ልዩነቱም ቀላል አይደለም። በረሃው ላይ የሚገናኙት የማይተዋወቁ ናቸው፤ ለመግባትም እ.ኤ.አ. በ2023 ዋናው ትኬት 575 ዶላር ነበር። ጉንችሬ ላይ ትኬቱ መወለድ ወይም መጠራት ነው፤ ድሃ የሆነ ሰው ደመራው አጠገብ ቦታ አያጣም፣ ከጎረቤቱ ሥጋም ድርሻ ይደርሰዋል። በሌላ በኩል የኔቫዳው ሰው የሚሠራውን ይመርጣል። እኛ ዘንድ ሥራው በልደት የተሰጠ ነው፣ ክብደቱም እኩል አይደለም። ከመፋቁ እስከ ጋገራው፣ ከውሃ መቅዳት እስከ ዕቃ ማጠብ፣ ከበዓሉ ሥራ ከግማሽ በላይ የሆነው በሴቶች ጀርባ ላይ ያርፋል። በዓሉን ስለምወደው ይህን ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። ከአዲስ አበባ የሚመጣው ወጣት በወኽምያ ዋዜማ ደርሶ፣ በልቶ፣ ፎቶ ተነስቶ በ18 የሚመለስ ከሆነ፣ እናቱ ለእሱ ስትል የለፋችባቸውን ወራት አላየም ማለት ነው። ሦስትና አራት ቀን ቀድሞ መድረስ ይቻላል። ጀሪካን ተሸክሞ ከምንጭ መመላለስን የሴት ብቻ ያደረገ ሕግ የለም፤ ቆጮ መከትከትም በደንብ የተሳለ ቢላና ትዕግሥት ብቻ ይጠይቃል።

ከበረሃው የምንማረው አንድ ሌላ ነገር አለ፤ ጽዳቱ። እዚያ ዱካ አለመተው ከመርሆዎቹ አንዱ ነው። ሕዝቡ ከተበተነ በኋላ የሚቀሩት ሠራተኞች ሜዳውን በክፍል በክፍል ይከፋፍሉታል፤ ትከሻ ለትከሻ ተሰልፈው ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለው ይራመዳሉ። የሚለቅሙት ሚስማር፣ የእንጨት ስባሪ፣ የጸጉር ማስያዣ ነው። ንጹሕ የተገኘው ቦታ በካርታ ላይ አረንጓዴ፣ መካከለኛው ቢጫ፣ የቆሸሸው ቀይ ይቀባል፤ ካርታውም ይወጣል። ቀይ የተቀባበት ሰፈር በሚቀጥለው ዓመት ቦታ ሊነፈግ ይችላል። በመጨረሻ የመንግሥት የመሬት መሥሪያ ቤት መጥቶ ይፈትሻል፤ ፈተናውን ካላለፉ የፈቃዱ ነገር አደጋ ላይ ይወድቃል።

ጀፎረ ቀድሞ ይህ አላስፈለገውም። በዓሉ የሚተወው አመድ፣ ኮባና አጥንት ነበር፤ ሁሉም ወደ መሬት ወይም ወደ ውሻ ይሄዳል። አሁን ከከተማ የውሃና የለስላሳ ፕላስቲክ፣ ፌስታል፣ የብስኩት መጠቅለያ ይመጣል። ጀፎረ ግጦሽ ነው። ላም ፌስታል ከዋጠች ሆዷ ይደፈናል፤ ሞቷ የአንዲት እናት የቅቤ ተራ የሚያስቀር ነገር ነው። ጀፎረን ያጠረ ሰው የሚቀጣበት ሥርዓት ቆሻሻ የጣለበትን እንዲመለከት ማድረግ ለአካባቢው ሽማግሌዎች አዲስ ሕግ ማውጣት አይሆንባቸውም፤ ያለውን ማስፋት ነው።

መስከረም 18 ጠዋት ለዚህ ሥራ ይስማማል። ሰዉ ገና አልተበተነም፣ ከከተማ የመጡት ልጆችም እዚያው ናቸው። ከአዲስ አበባ የሚመጣው ቤተሰብ ከሚይዘው ዕቃ ጋር ሁለት ባዶ ጆንያ ቢጨምር አይከብደውም። ሰብስቦ የሞላውን ፕላስቲክም ባመጣው መኪና መልሶ ወደ ወልቂጤ ሊወስደው ይችላል። የላይኛው ሰፈር ከላይ፣ የታችኛው ከታች ተሰልፈው ቢነሱ፣ ቁርስ ሳይረፍድ ይጨርሱታል።