ቤዙ የት ሄደ?

ባለፈው ጥቅምት አንድ የሰፈራችን ልጅ አዲስ የገዛውን የጆሮ ማዳመጫ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ቤቴ መጣ። ፊቱ ጠቁሯል። «ጋሼ፣ ቤዝ አለው ብለው ሸጡልኝ፤ ምንም ቤዝ የለውም» አለኝ። ሦስት ወር ቆጥቦ ነው የገዛው። ጆሮው ላይ አድርጎ ዘፈን እንዲከፍት ነገርኩትና ሁለቱን ጎኖች በመዳፎቼ ቀስ አድርጌ ጫንኳቸው። «መጣ!» ብሎ ጮኸ። እጄን አነሳሁ። «ሄደ!» ደግሜ ጫንኩት፤ መጣ።

ልጁ መነጽር ያደርጋል። ወፍራሙ የመነጽሩ ዘንግ በስፖንጁና በቆዳው መካከል ገብቶ ክፍተት ፈጥሯል። ቤዙ ሾልኮ የሚወጣው በዚያች ክፍተት ነበር። ዕቃው ምንም አልጎደለውም።

እኔ ቤዝ ጊታር ተጫዋች ነኝ። 22 ዓመት በሆቴልና በሰርግ ከተጫወትኩ በኋላ አሁን ቤቴ ባለች ትንሽ ክፍል ውስጥ ድምፅ እቀዳለሁ። ማዳመጫም ሆነ ስፒከር ለመግዛት ያሰበ የሰፈር ሰው መጀመሪያ እኔ ጋ ጎራ ይላል። የሁሉም ጥያቄ አንድ ነው፤ «ቤዙ ይመታል?» ጥያቄውን አከብረዋለሁ፤ ዜማው ተደላድሎ የሚቀመጠው ቤዙ ላይ ነውና። መልሱ ግን ካርቶኑ ላይ አይገኝም።

ድምፅ የአየር መወዛወዝ ነው። በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደተወዛወዘ የሚቆጠረው በሄርዝ ሲሆን፣ የጤነኛ ወጣት ጆሮ ከ20 እስከ 20,000 ሄርዝ ድረስ ይሰማል። ቤዝ የምንለው ከታች ያለውን፣ በግምት እስከ 250 ሄርዝ የሚደርሰውን ወፍራም ድምፅ ነው። የጊታሬ ወፍራሟ ክር ባዶዋን ስትመታ 41 ሄርዝ ገደማ ትሰጣለች። ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ የዚያች ክር አንድ ሞገድ ከ8 ሜትር በላይ ይረዝማል። ከሚኒባስ ታክሲ ይበልጣል ማለት ነው።

ታዲያ 4 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያላት ስስ ሽፋን ይህን የሚያህል ሞገድ እንዴት ታወጣዋለች? ሜዳ ላይ ብትተዋት አታወጣውም። ክፍት አየር የሚገፋ ስፒከር ድምፁ በአንድ ኦክታቭ በወፈረ ቁጥር፣ ማለትም ሄርዙ በግማሽ በቀነሰ ቁጥር፣ ያንኑ ኃይል ለመስጠት አራት እጥፍ ርቀት ወደፊትና ወደኋላ መመላለስ አለበት። ቤዝ ብቻ የሚያወጣው ስፒከር፣ ሰብውፈር፣ ግዙፍ የሆነው ለዚህ ነው። ጆሮ ላይ ግን ነገሩ ይለያል። መርፌ የሌለው ስሪንጅ ጫፉን በጣታችሁ ደፍናችሁ ጥቂት ብትገፉት፣ ውስጡ ያለው አየር ወዲያው ሲጨመቅ ይሰማችኋል። ጣታችሁን ብታነሱ አየሩ ይወጣል፣ ግፊቱም አብሮ ይጠፋል። ጆሮና ማዳመጫ የሚሠሩት እንዲሁ ነው። የቀጭኑ ድምፅ መወዛወዝ ፈጣን ስለሆነ ክፍተት ቢኖርም ይደርሳል፤ የቤዝ መወዛወዝ ዘገምተኛ ነው፣ አየሩ ለመሹለክ በቂ ጊዜ አለው።

ስለዚህ ከብራንድም ከዋጋም በፊት የምመለከተው ማዳመጫው ገዢው ጆሮ ላይ መግጠሙን ነው። ጆሮ ውስጥ ከሚገቡት ጋር ብዙ ጊዜ ትንሽ፣ መካከለኛና ትልቅ ላስቲክ አብሮ ይመጣል። አብዛኛው ሰው ተገጥሞ የመጣውን ሳይነካው ይኖራል። ሦስቱንም ሞክሩ፤ የቀኝና የግራ ጆሮ እኩል ያልሆነለት ሰው ብዙ ስለሆነ ለየብቻ ሞክሩ። ላስቲክ የሌላቸውና ጆሮ ደጃፍ ላይ ብቻ የሚንጠለጠሉት ቤዝ ቢጎድላቸው አይግረማችሁ። ራስ ላይ የሚደረገው ከሆነ ደግሞ ሹሩባ፣ ሻሽ፣ መነጽር ሁሉ ቀዳዳ ይከፍታል። ስፖንጁን የለበሰው ሌጦ ተልጦ መርገፍ ሲጀምርም ቤዙ አብሮ ይሄዳል። «አረጀ» ተብለው የተጣሉ ስንት ማዳመጫዎች በአዲስ ስፖንጅ ብቻ ይድኑ ነበር!

ጥሩ ቤዝ ምን እንደሆነ የተማርኩት ጊታር ከመያዜ በፊት ነው። ሁዳዴ ሲገባ አያቴ በትንሿ የካሴት ማጫወቻዋ በገና ትከፍት ነበር። የማጫወቻዋ ስፒከር ከሻይ ስኒ አፍ አይበልጥም፤ ሆኖም ያ ወፍራም ድምፅ ክፍሏን ይሞላት ነበር። ምክንያቱን ያወቅኩት ካደግኩ በኋላ ነው። የበገና አሥር ክሮች ከሚያርፉበት እንጨት፣ ከበርኩማው፣ ጋር በሚገናኙበት ቦታ እንዝራ የሚባሉ ትንንሽ ቁራጭ ሌጦዎች ይገባሉ፤ ክሩ ሲመታ እየነካቸው ያንን ንዝረት ይፈጥራሉ። ንዝረቱ ከመሠረቱ ድምፅ በላይ ብዙ ተከታይ ድምፆችን ያወጣል። አእምሯችን እነዚያን ሲሰማ የጎደለውን መሠረት ራሱ ይሞላዋል። ስልክ ላይ ቤዝ የምንሰማ የሚመስለንም በዚሁ ምክንያት ነው። አባቶቻችን ይህን ያለ ምንም የመለኪያ መሣሪያ፣ በእንጨት፣ በአንጀትና በሌጦ አውቀውታል።

በኋላ የዓለሙ አጋን በገና፣ ኢትዮጲክስ በተሰኘው ተከታታይ አልበም 11ኛው ላይ ያለውን፣ ደህና ማዳመጫ አድርጌ ሰማሁት። አያቴ ቤት አእምሮዬ ሲሞላልኝ የኖረው ድምፅ በአካል መጣ። የክሩን መወጠር፣ የጣቱን መንካት፣ የሣጥኑን ትንፋሽ ለየብቻ ሰማሁ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ማዳመጫ የምፈትነው መጀመሪያ በበገና ነው። ደካማ ከሆነ ንዝረቱ ብቻ ይሰማል፤ ቤዙ በሰው ሠራሽ መንገድ የተጋነነ ከሆነ ደግሞ ንዝረቱ ይታፈንና ጉምጉምታ ይሆናል።

ሁለተኛው መፈተኛዬ መሐሙድ አህመድ ከአይቤክስ ባንድ ጋር በ1975 እ.ኤ.አ. የሠራው «እረ መላ መላ» ነው። የምከታተለው ቤዝ ጊታሩን ብቻ ነው። እያንዳንዷን ኖታ፣ ስትነሳም ስትቆምም፣ ለይቼ መዝፈን ከቻልኩ ማዳመጫው ጥሩ ነው። ሁሉም ኖታ አንድ ዓይነት «ድም ድም» ከሆነብኝ አልወስደውም። ብዙ ሰው ጠንካራ ቤዝ የሚለው ይህንኑ ድምድምታ ነው፤ ለእኔ ግን ጉድለት ነው። ማዳመጫው አንዷን የድምፅ ከፍታ እየመረጠ ይጮኽባታል፣ ሌሎቹን ይውጣቸዋል።

የተጋነነ ቤዝ ሌላም ጉዳት አለው። ወፍራም ድምፅ ሲበዛ ከላዩ ያለውን ቀጭን ድምፅ ይሸፍናል፤ የተገላቢጦሹ እምብዛም አይደርስም። የጆሮ ተፈጥሮ ነው። ቤዙን ከልክ በላይ የሚያበዛ ማዳመጫ መጀመሪያ የሚወስድባችሁ የዘፋኙን ግጥም ነው። በአማርኛ ዘፈን ደግሞ ግጥሙ ከተወሰደ ምን ቀረ? እርግጥ ምርጫ ይለያያል። ሾን ኦሊቭና የሐርማን ኩባንያ ባልደረቦቹ ባደረጉት ጥናት 64 በመቶ ያህሉ አድማጮች አንድ ዓይነት መጠነኛ ቤዝ መርጠዋል፣ 15 በመቶ ከዚያ የበለጠ፣ 21 በመቶ ያነሰ። ቤዝ የሚወድ ይውደድ፣ ብቻ ኖታው ይለይለት።

ሱቅ ውስጥ የሚሳሳት ሰው ብዙ ነው። ሻጩ ድምፁን እስከ ጣሪያው ከፍ ያደርገውና «ስማ ቤዙን» ይላል። ፍሌቸርና መንሰን የተባሉ የቤል ላቦራቶሪ ተመራማሪዎች በ1933 እ.ኤ.አ. እንዳሳዩት፣ ጆሯችን ድምፅ ዝቅ ሲል ከሁሉ በላይ ቤዙን ያጣል፣ ከፍ ሲል መልሶ ያገኘዋል። በድሮ አምፕሊፋየሮች ላይ «ላውድነስ» የሚል ቁልፍ የነበረው ለዚህ ነው። ስለዚህ ሁለት ማዳመጫ ስታወዳድሩ የሁለቱንም ድምፅ እኩል አድርጉ፣ ያም ቤታችሁ በምትሰሙበት መጠን ይሁን። እኔም አንድ ጊዜ የታወቀ ብራንድ ስም ያለበት ካርቶን አይቼ፣ በጩኸት ብቻ ፈትኜ፣ አስመስሎ የተሠራ ዕቃ ገዝቻለሁ። በሳምንቱ የቀኙ ጎን ዝም አለ።

ካርቶኑ ላይ ያሉት ቁጥሮች ብዙም አይረዱም። «ከ20 እስከ 20,000 ሄርዝ» የሚለው ሁሉም ላይ አለ፤ 20ው ምን ያህል ተዳክሞ እንደሚወጣ ግን አይነግራችሁም። «50 ሚሊ ሜትር» የሚለውም ብቻውን ዋስትና አይሆንም። እኔ ሥራ ላይ የማደርገው ሶኒ ኤምዲአር 7506 ባለ 40 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከ1991 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እስቱዲዮዎች ሲጠቀሙበት ኖረዋል። አንድ ቁጥር ግን ልብ በሉ፤ ኦም፣ ማዳመጫው ኤሌክትሪኩን ምን ያህል እንደሚቋቋም የሚለካው። ባየርዳይናሚክ ዲቲ 770 ፕሮ በ32፣ በ80 እና በ250 ኦም ይሸጣል። የ250ውን ስልክ ላይ የሰካ ሰው ድምፁ ደክሞበት «አይረባም» ይላል፤ ያ ዕቃ የተሠራው አምፕሊፋየር ላለው ሰው ነው። ለስልክ ከ16 እስከ 32 ያለው ይበቃል። ብሉቱዝ ቤዝ ይገድላል የሚባለው ትክክል አይደለም፤ ድምፅ ሲታመቅ መጀመሪያ የሚጎዳው በጣም ቀጭኑ እንጂ ወፍራሙ አይደለም። ኢኳላይዘር ላይ ቤዝ ከመጨመር ሌላውን መቀነስ ይሻላል። 6 ዴሲቤል መጨመር ማለት አራት እጥፍ ኃይል መጠየቅ ነው፤ ድምፁ የሚሰነጠቀው እዚያ ላይ ነው።

ሰብውፈር የሚገዛ ሰው ደግሞ ክፍሉን ይለካ። በ4 ሜትር ክፍል ውስጥ 43 ሄርዝ አካባቢ ያለው ድምፅ በሁለት ግድግዳዎች መካከል ተይዞ ይቆማል፤ ግድግዳው አጠገብ ያገሣል፣ መሐል ላይ ይጠፋል። ጥግ ላይ ብታስቀምጡት ቤዙ ይጨምራል፣ ጥራቱ ግን ይቀንሳል። የ8 ሜትር ሞገድ በብሎኬት ግድግዳ አይቆምም፤ ጎረቤት የታመመ ሰው ወይም አራስ ካለ ማታ ማታ ማዳመጫ አድርጉ።

በመጨረሻ ስለ ጆሮ። የእኔ ግራ ጆሮ ማታ ማታ ይጮኻል፤ ለዓመታት ከሲምባሉ ሥር ቆሜ ስጫወት ያገኘኝ ነው፣ መድኃኒትም አላገኘሁለትም። ሚኒባስ ውስጥ ጆሯቸው ላይ አድርገው የሚሄዱ ልጆችን ሳይ እሳሳለሁ። የሞተሩ ድምፅ ራሱ ወፍራም ስለሆነ ቤዙን ይሸፍነዋል፣ እነሱም ቤዙን ፍለጋ ድምፁን ይጨምራሉ። የዓለም ጤና ድርጅት በሳምንት 40 ሰዓት ለማድመጥ የሚፈቅደው 80 ዴሲቤል ነው፤ 90 ላይ ሲደርስ 4 ሰዓት ብቻ ይቀራል። በየቀኑ ታክሲ የምትሳፈሩ ከሆነ ጆሮን በደንብ የሚደፍን ወይም የውጭ ድምፅ የሚያጠፋ ማዳመጫ ግዙ። ድምፅ ማጥፊያው ከሁሉ በላይ የሚበረታው እንዲህ ባለው ወፍራም የሞተር ድምፅ ላይ ነው፤ ድምፁን ሳትጨምሩ ቤዙ ይሰማችኋል።

የልጁን ማዳመጫ ስፖንጅ ለስለስ ባለና ወፈር ባለ ቀየርንለት፤ አሁን የመነጽሩን ዘንግ ዙሪያውን አቅፎ ይገጥማል። ወጪው የማዳመጫውን ዋጋ አንድ አሥረኛ አልሞላም። እስካሁን የሚያደምጠው በዚያው ነው።