ኮሌስትሮልን የሚቀንሰው መድኃኒት ስትሮክን ያመጣልን?

ባለፈው የዕረፍት ወራት ወደ አገር ቤት በሄድሁ ጊዜ፥ ከሁለት ዓመት በፊት በስትሮክ ታመው የዳኑት አጎቴ ከመድኃኒታቸው ካርቶን ውስጥ የወጣ አንድ የታጠፈ ወረቀት ሰጡኝ። መድኃኒቱ አቶርቫስታቲን የሚባለው፥ በደም ውስጥ ያለውን ኮሌስትሮል የሚቀንሰው ክኒን ነው። አንድ የጎረቤት ልጅ ወረቀቱን አንብቦ፥ በአንጎሉ ውስጥ ደም የፈሰሰበት ሰው እንዲጠነቀቅ የሚያሳስብ ቃል እንዳለበት ስለ ነገራቸው፥ ክኒኑን መዋጥ ካቆሙ ሦስት ሳምንት ሆኗቸው ነበር። «ልጄ፥ አንተ ተምረሃልና እስቲ እውነቱን ንገረኝ። ከበሽታው ይጠብቀኛል ብዬ የምውጠው ነገር በሽታውን ራሱን የሚያመጣብኝ ከሆነ ለምን እውጠዋለሁ?» አሉኝ። በዚያን ሰዓት የሚገባ መልስ መስጠት አልቻልሁም። ይህ ጽሑፍ ከዚያ ጥያቄ የተነሣ ነው። በውስጡ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

1. ሁለቱ የስትሮክ ዓይነቶች

ጥያቄውን ለመመለስ፥ ስትሮክ የሚለው አንድ ስም ሁለት ተቃራኒ ነገሮችን እንደሚሸፍን አስቀድሞ መረዳት ያስፈልጋል። አንደኛው ዓይነት፥ ወደ አንጎል ደም የሚወስደው የደም ሥር በረጋ ደም ወይም በግድግዳው ላይ በተጋገረ ስብ ሲደፈን የሚመጣ ነው። ሁለተኛው ግን የደም ሥሩ ፈንድቶ ደሙ በአንጎል ውስጥ ወይም በዙሪያው ሲፈስ የሚመጣ ነው። በውጭ የሚታየው ምልክት፥ ይኸውም የአፍ መጣመም፥ የአንድ ወገን እጅና እግር መዛል፥ የንግግር መተሳሰር፥ በሁለቱም ዘንድ ተመሳሳይ ስለ ሆነ፥ ሐኪም እንኳ በዓይኑ አይቶ በእርግጥ ሊለያቸው አይችልም። የሚለያቸው ሲቲ ስካን የተባለው የራስ ምርመራ ነው።

በዓለም ላይ ከሚደርሰው ስትሮክ ሁለት ሦስተኛ ያህሉ የመደፈን ዓይነት ነው። በአፍሪካና በእስያ አገሮች ግን የደም መፍሰሱ ድርሻ በምዕራብ አገሮች ካለው ይበልጣል፤ ለዚህም ከምክንያቶቹ ዋነኛው ሳይታከም የሚቆይ የደም ግፊት ነው።

እንግዲህ ሁለቱ ዓይነቶች ተቃራኒ ከሆኑ፥ አንዱን የሚከላከል ነገር ሌላውን ሊያባብስ ይችላል ማለት ነው። አስፕሪን ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው፤ ደም ቶሎ እንዳይረጋ በማድረግ መደፈንን ሲቀንስ፥ በዚሁ ሥራው የመድማትን አደጋ በጥቂቱ ይጨምራል። ስለ ኮሌስትሮሉ መድኃኒት የሚነሣውም ጥያቄ ከዚህ ጋር የሚመሳሰል ነው።

2. የመድኃኒቱ አሠራር

ስታቲን የሚባሉት መድኃኒቶች የተገኙት ከሻጋታ ነው። አኪራ ኤንዶ የተባለው ጃፓናዊ ሊቅ፥ ሳንክዮ በተባለው ኩባንያ ሲሠራ፥ ከ6,000 በላይ የሻጋታና የፈንገስ ዓይነቶችን ከመረመረ በኋላ በ1973 የመጀመሪያውን ስታቲን ከአንድ የፔኒሲሊየም ሻጋታ አገኘ። በአሜሪካ ለሕዝብ እንዲሸጥ መጀመሪያ የተፈቀደው ግን ሎቫስታቲን የተባለው ሲሆን፥ ይህም በ1987 ነው።

አሠራራቸው እንዲህ ነው። ጉበት ኮሌስትሮልን ራሱ ይሠራል፤ ስታቲን ደግሞ ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገውን አንድ ኢንዛይም ያግዳል። ጉበት የሚሠራው ሲያንሰው ከደም ውስጥ ለመውሰድ ይገደዳል፤ ስለዚህ ኤል ዲ ኤል የተባለውን ኮሌስትሮል ተሸካሚ የሚይዙ ተቀባዮችን በሕዋሳቱ ላይ ያበዛል። እነዚህን ተቀባዮች ያገኙት ማይክል ብራውንና ጆሴፍ ጎልድስታይን በ1985 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። በዚህ ዓይነት በደም ውስጥ ያለው ኤል ዲ ኤል ይቀንሳል፤ በደም ሥር ግድግዳ ላይ የሚጋገረውም ስብ እንደዚሁ።

3. «ከዋጠ በኋላ» እና «በመዋጡ ምክንያት»

አንድ ሰው ክኒኑን ሲውጥ ቆይቶ ስትሮክ ቢይዘው፥ ቤተ ዘመዱ መድኃኒቱን መጠርጠሩ አያስገርምም። ነገር ግን ነገሩን በጥንቃቄ ማየት ይገባል። ምርኩዝ የሚይዙ ሰዎች ከማይይዙት ይልቅ ብዙ ጊዜ ይወድቃሉ፤ ይሁን እንጂ የጣላቸው ምርኩዙ ነው የሚል የለም፤ ምርኩዝ ያስያዛቸው ራሱ ጉልበታቸው መድከሙ ነውና። ስታቲን የሚታዘዝላቸውም ሰዎች ልባቸው ወይም የደም ሥራቸው የታመመ፥ ስኳር ወይም የደም ግፊት ያለባቸው ስለ ሆኑ፥ መድኃኒቱን ቢወስዱም ባይወስዱም ስትሮክ ከሌላው ሰው ይልቅ ይቀርባቸዋል።

ስለዚህ የሰዎችን አቤቱታ መሰብሰብ ጥያቄን ለማንሣት ይጠቅማል እንጂ ለመመለስ አይበቃም። ለመመለስ የሚቻለው፥ ተመሳሳይ ሕመምተኞችን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ፥ ለአንዱ ወገን መድኃኒቱን፥ ለሌላው በመልክ የሚመስለውን ባዶ ክኒን እየሰጡ በመቁጠር ነው።

4. ቁጥሮቹ የሚሉት

በ2002 ውጤቱ የታተመው በብሪታንያ የተደረገው ትልቅ ጥናት 20,536 ሰዎችን የያዘ ነበር። 40 ሚሊግራም ሲምቫስታቲን ከወሰዱት ውስጥ ስትሮክ የያዛቸው ከመቶ 4.3 ሲሆኑ፥ ባዶውን ክኒን ከወሰዱት ግን 5.7 ነበሩ። ይህ በጠቅላላው መልካም ውጤት ነው። ነገር ግን ቀድሞ የአንጎል ደም ሥር ሕመም የነበረባቸው 3,280 ሰዎች ለብቻቸው ሲታዩ፥ የደም መፍሰስ የደረሰባቸው ከመድኃኒቱ ወገን 21፥ ከባዶው ወገን 11 ሆነው ተገኙ።

ጥያቄውን ይበልጥ ያጎላው በ2006 የታተመው ስፓርክል የተባለው ጥናት ነው። በዚህ ጥናት የተካፈሉት 4,731 ሰዎች ሁሉ፥ ከአንድ እስከ ስድስት ወር በፊት ስትሮክ ወይም አላፊ የአንጎል ደም እጥረት የደረሰባቸው ነበሩ። ግማሾቹ በቀን 80 ሚሊግራም አቶርቫስታቲን፥ ግማሾቹ ባዶ ክኒን እየወሰዱ አምስት ዓመት ያህል ቆዩ። ስትሮክ እንደ ገና የያዛቸው ከመድኃኒቱ ወገን 265፥ ከባዶው ወገን 311 ናቸው። በዓይነቱ ሲከፈል፥ የመደፈኑ ዓይነት 218 በ274፥ የደም መፍሰሱ ዓይነት ደግሞ 55 በ33 ሆነ። አንዳንዱ ሰው ከአንድ ጊዜ በላይ ስለ ታመመና የአንዳንዱም ዓይነት ስላልተለየ፥ ድምሩ በትክክል አይገጥምም።

55ን በ33 ብናስተያየው የደም መፍሰስ በሁለት ሦስተኛ ጨመረ ማለት ነው፤ ይህም ያስደነግጣል። ነገር ግን ቁጥሩን ለ1,000 ሰው ብናደርገው፥ በአምስት ዓመት ውስጥ መድኃኒቱ 24 ያህል የመደፈን ስትሮክ ሲያስቀር፥ 9 ያህል የደም መፍሰስ ጨምሯል። ሁለቱም አነጋገሮች እውነት ናቸው፤ ሕመምተኛውን ለመምከር የሚረዳው ግን ሁለተኛው ነው። የሟቾች ጠቅላላ ቁጥር በሁለቱ ወገን መካከል ብዙ እንዳልተለያየም መጨመር ያስፈልጋል።

ከዚያ በኋላ የወጡት ጥናቶች ፍርሃቱን አቃለውታል። በ2010 የታተመው፥ 26 ሙከራዎችንና 170,000 ያህል ሰዎችን ባንድነት የመረመረው ጥናት፥ ኤል ዲ ኤል በአንድ ሚሊሞል በቀነሰ ቁጥር የመደፈን ስትሮክ በአምስተኛ እጅ ያህል እንደሚቀንስ አሳየ። በ2012 የታተመው የ31 ሙከራዎች ድምር ደግሞ በአንጎል ደም መፍሰስ ላይ የታመነ ጭማሪ አላገኘም። በፈረንሳይና በደቡብ ኮሪያ 2,860 የስትሮክ ሕመምተኞች የተካፈሉበት ሌላ ጥናትም፥ ኤል ዲ ኤልን ከ70 በታች ማውረድ ከ90 እስከ 110 ከማቆየት እንደሚሻል አመለከተ፤ የደም መፍሰሱ 1.3 በ0.9 ከመቶ ሲሆን፥ ይህ ልዩነት በዕድል ሊመጣ የሚችል ነው።

5. መጠንቀቅ ያለበት ማን ነው?

በ2008 የስፓርክል መዝገብ እንደ ገና ሲመረመር፥ ደም የፈሰሰባቸው ሰዎች አራት ነገሮች በብዛት ተገኙባቸው። እነርሱም መጀመሪያ የያዛቸው ስትሮክ ራሱ የደም መፍሰስ መሆኑ፥ ወንድነት፥ የዕድሜ መግፋት፥ ከፍ ያለ የደም ግፊት ናቸው። የኮሌስትሮሉ ማነስ ግን ከደም መፍሰሱ ጋር ዝምድና አልታየበትም። ይህ ከ1989ኙ የአሜሪካ ጥናት ጋር ሲነጻጸር ትምህርት ይሰጣል። በዚያ ጥናት 350,977 ወንዶች ተቈጥረው፥ ኮሌስትሮላቸው ከ160 በታች የሆነው በአንጎል ደም መፍሰስ የመሞታቸው ዕድል ሦስት እጥፍ ሆኖ ነበር፤ ነገር ግን ይህ የታየው ታችኛው የደም ግፊታቸው 90 ወይም ከዚያ በላይ በሆነው ሰዎች ላይ ብቻ ነው። እንግዲህ በሁለቱም መዝገብ የደም ግፊት በመካከል ቆሞ እናገኘዋለን።

በዚህ መሠረት የአሜሪካ የልብ ማኅበር የ2021 መመሪያ ለመደፈን ስትሮክ ሕመምተኞች መድኃኒቱን ይመክራል። የ2022 መመሪያው ግን ደም ለፈሰሰባቸው ሰዎች ጥቅሙና ጉዳቱ ገና እንዳልተረጋገጠ ገልጿል፤ ለእነዚህ ሐኪሙ እያንዳንዱን ሰው ለብቻው መመዘን አለበት።

6. መደምደሚያ

ለርእሱ ጥያቄ የምሰጠው መልስ ይህ ነው። መድኃኒቱ በጠቅላላው ስትሮክን ይቀንሳል፤ ቀድሞ ደም በፈሰሰባቸው ጥቂት ሰዎች ላይ ግን ጥርጣሬው መሠረት አለው። ስለዚህ ሕመምተኛው መጀመሪያ ሊጠይቅ የሚገባው «ይህ ክኒን ጎጂ ነውን?» ብሎ ሳይሆን «የያዘኝ የትኛው ዓይነት ነበር?» ብሎ ነው። ሲቲ ስካን በትልልቅ ከተሞች በሚገኝበት አገራችን ይህን ማወቅ ለብዙ የገጠር ሕመምተኛ ቀላል አይደለም፤ የችግሩም ሥር ከወረቀቱ ቃል ይልቅ እዚህ ላይ ነው።

አጎቴ የምርመራ ወረቀታቸውን በሣጥን አስቀምጠውት ስለ ነበር አብረን አወጣነው፤ የመደፈን ዓይነት ነበር። ሁለቱንም ወረቀት ይዘን ወደ ሐኪም ሄድን። ሐኪሙ ክኒኑን እንዲቀጥሉ አዘዛቸው፤ የደም ግፊታቸውን ሲለካው ግን 170 በ100 ሆኖ ተገኘ። ለስድስት ወር ያህል አልተለኩም ነበር። ስለ ክኒኑ ስንጨነቅ ሁላችንም ይህን ረስተነዋል።

ከላይ ከጠቀስኋቸው ጥናቶች አንዱ በብሪታንያ፥ አንዱ በፈረንሳይና በኮሪያ የተደረጉ ናቸው። የደም መፍሰሱ ድርሻ ከፍ ባለበት በእኛ አገር፥ የሕክምና ተማሪዎች የሆናችሁ ጓደኞቼ በየሆስፒታሉ መዝገብ ሁለቱን ዓይነቶችና የሚታዘዘውን መድኃኒት ለይታችሁ ብትቈጥሩ፥ ለሐኪሞቻችንም ለሕመምተኞቻችንም የሚጠቅም ሥራ ይሆናል።