ስለ ምርት ስም፣ ስለ ንግድ ምልክትና ስለ ኢንተርኔት አድራሻ

ባለከብት ከብቱን ወደ ግጦሽ ሲያሰማራ ከሌላው እንዳይደባለቅበት ምልክት ያደርግበታል፤ ምልክት የሌለው ከብት የጠፋ እንደ ሆነ ግን ባለቤቱ በዳኛ ፊት ለማስረዳት ይቸገራል። የንግድ ምልክትም ሥራው ይኸው ነው። የገበሬው ማር ወይም ምስር ከደሴና ከኮምቦልቻ ገበያ አልፎ ሩቅ አገር ሲደርስ፣ ገዥው ጥራቱን የሚያውቀው በስሙ ነው፤ ስለዚህ ስሙን የያዘ ገበያውን ይይዛል።

በዘመናችን ለስም ሌላ መዝገብ ተጨምሯል፤ ይኸውም ዶሜይን የሚባለው የኢንተርኔት አድራሻ ነው። አንድ አድራሻ ለአንድ ባለቤት ብቻ፣ ቀድሞ ለጠየቀውም ይሰጣል፤ መዝጋቢው ስሙ በእውነት የማን እንደ ሆነ አስቀድሞ አይመረምርም። ስለዚህ የወረዳውን ማር ቀምሶ የማያውቅ ሰው በስሙ አድራሻ አውጥቶ ለባለቤቱ በውድ ሊሸጥለት፣ ወይም ሌላ ማር ሊነግድበት ይችላል።

በነጥብ ኮም አድራሻ ላይ እንዲህ ያለ በደል ሲደርስ፣ ከ1992 ዓ.ም. ጀምሮ የተሠራ የአቤቱታ ሥርዓት አለ፤ ጄኔቭ ያለው የዓለም የአእምሯዊ ንብረት ድርጅትም አቤቱታውን ይቀበላል። አቤት ባዩ ሦስት ነገር ያስረዳል፦ አድራሻው መብት ካለበት የንግድ ምልክት ጋር አንድ ወይም የሚያሳስት መሆኑን፤ ያስመዘገበው ሰው በስሙ መብት የሌለው መሆኑን፤ በክፉ ልቡና አስመዝግቦ የተጠቀመበት መሆኑን። እንግዲህ የንግድ ምልክት የሌለው ሰው ከመጀመሪያው ደጃፍ ይመለሳል፤ የአገር ስም ብቻውን፣ የቱንም ያህል ቢታወቅ፣ አይበቃም።

የአገር ስም ለማስጠበቅ ምን ያህል እንደሚያደክም ቡናችን አስተምሮናል። መንግሥታችን በ1997 ዓ.ም. ሲዳሞ፣ ሐረርና ይርጋጨፌ የሚሉትን ስሞች በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ጠየቀ። ይርጋጨፌ በ1998 ዓ.ም. ተመዘገበ፤ በሌሎቹ ግን የዚያው አገር የቡና ነጋዴዎች ማኅበር ስለ ተቃወመ ክርክር ተነሣ። ስታርባክስ የተባለው ታላቅ ኩባንያ ከመንግሥታችን ጋር የተስማማው በሰኔ 1999 ዓ.ም. ነበር።

በአገራችን የንግድ ምልክት ሕግ አዋጅ ቁጥር 501/1998 ነው። በዚህ አዋጅ ባለቤትነት የሚገኘው በምዝገባ ነው፤ ምዝገባውም ለሰባት ዓመት ይጸናል፤ ጊዜው ሲደርስ ይታደሳል።

ስለዚህ የምርት ስም ለማውጣት ያሰበ ማኅበር ሲመጣ፣ አስተዳዳሪው እነዚህን ይመልከት። ስሙ የአገር ስም ብቻ ሳይሆን መለያ ቃል ወይም ሥዕል ይኑረው። ስሙ በአደባባይ ከመነገሩ በፊት የምልክቱ ማመልከቻ ይግባ፤ አድራሻውም በዚያው ቀን ይያዝ። አድራሻው በማኅበሩ ስም ይመዝገብ እንጂ ሥራውን በሚያውቅ ጸሐፊ ወይም በወዳጅ ስም አይሁን፤ ሰውዬው ሥራውን በለቀቀ ጊዜ ስሙንም ይዞት ይሄዳልና። የማደሻው ቀንና የይለፍ ቃሉ በማኅበሩ መዝገብ ይቀመጡ፤ ክፍያው የተረሳ አድራሻ ለማንም ክፍት ነው።

የምዝገባ ወጪ ጥቂት ነው፤ የተወሰደን ስም ለማስመለስ የሚወጣው ግን ብዙ ነው። ይህንኑ ለገበሬዎች ማኅበራትና ለነጋዴዎች ታስታውቁ ዘንድ እናሳስባለን።