አዝራሩ ተጫነ፤ ኩኪው ግን ለምን አልተለወጠም?

በኮምፒውተር ፕሮግራም ሥራ ልብን ከሚያደክሙ ሳንካዎች መካከል ድምፅ የሌላቸው ይገኙበታል። ፕሮግራሙ አይቆምም፤ የስህተት መልእክትም አይወጣም፤ ውጤቱ ብቻ ከታሰበው ይለያል። በድረ-ገጽ ላይ ያለን አዝራር በመጫን ኩኪ የተባለውን ትንሽ መዝገብ ለመለወጥ ስንሞክር የሚያጋጥመን ችግር በአብዛኛው የዚህ ዓይነት ነው። በዚህ ጽሑፍ ኩኪ ምን እንደ ሆነ፣ አዝራር ሲጫን ምን ምን እንደሚከናወን፣ ሳንካው የቱ ላይ እንዳለም በምን ዘዴ እንደሚታወቅ እንመለከታለን።

ኩኪ ምንድን ነው?

ዓለም አቀፉ ድር የተወለደው በፊዚክስ ቤት ነው። ቲም በርነርስ-ሊ ሐሳቡን ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1989 በጄኔቭ አጠገብ በሚገኘው ሰርን የተባለ የቅንጣት ፊዚክስ ቤተ ሙከራ ውስጥ ነበር። ብራውዘርና ሰርቨር የሚነጋገሩበት ኤችቲቲፒ የተባለው ደንብ ግን በባሕርዩ ትዝታ የለውም። ሰርቨሩ አንዱን ጥያቄ መልሶ ሲጨርስ ጠያቂውን ይረሳዋል፤ ያው ሰው ከአንድ ሰከንድ በኋላ ቢመለስ እንደ አዲስ እንግዳ ይቀበለዋል።

ይህን ችግር ለመፍታት የኔትስኬፕ ባልደረባ የነበረው ሉ ሞንቱሊ እ.ኤ.አ. በ1994 ኩኪን ፈለሰፈ። አሠራሩ ከሆስፒታል ካርድ ጋር ይመሳሰላል። ታካሚው ቁጥር የተጻፈበትን ትንሽ ወረቀት በኪሱ ይይዛል፤ በተመለሰ ቁጥርም ያሳያል፤ ካርድ ክፍሉም ማንነቱን ያውቃል። ኩኪም እንዲሁ ስምና ዋጋ ያለው አጭር ጽሑፍ ሲሆን፣ የሚቀመጠው በተጠቃሚው ብራውዘር ውስጥ ነው። ብራውዘሩ ወደዚያው ሰርቨር ጥያቄ በላከ ቁጥር ኩኪውን አብሮ ይልካል። ኩኪን ሰርቨሩ ሊጽፈው ይችላል፤ በገጹ ውስጥ ያለ የጃቫስክሪፕት ፕሮግራምም ሊጽፈው ይችላል። ለሳንካው በር የሚከፍተውም ይህ የሁለት ጸሐፊዎች ጉዳይ ነው።

የመልመጃው ገጽ

አንድ ተማሪ 10 ጥያቄዎች ያሉት የመልመጃ ገጽ ሠራ እንበል። በገጹ ላይ ሦስት አዝራሮች አሉ። «ቀጥል» የሚለው በኩኪ የተቀመጠውን የጥያቄ ቁጥር በአንድ ይጨምራል፤ «ቋንቋ ለውጥ» የሚለው የቋንቋ ምርጫን ይጽፋል፤ «እንደገና ጀምር» የሚለው ደግሞ ኩኪውን ያጠፋል። ተማሪው ሲሞክረው ቁጥሩ 1፣ 11፣ 111 እያለ ይሄዳል፤ ቋንቋው ሁልጊዜ ከአንድ ጭነት ኋላ ይቀራል፤ የጠፋው ቁጥርም ተመልሶ ይመጣል። በዚህ ጊዜ ብዙዎች ያገኙትን መስመር ሁሉ መነካካት ይጀምራሉ። እንዲህ ያለው አካሄድ ቢሳካ እንኳ ምን እንደ ተስተካከለ አያስተምርም።

በቤተ ሙከራ አምፖል አልበራ ሲል በቮልትሜትር ከባትሪው እስከ አምፖሉ ያለውን ወረዳ ነጥብ በነጥብ እንለካለን። እዚህም ወረዳው አራት ነጥቦች አሉት፤ አዝራሩ ትእዛዙን አስተላለፈ ወይ? ፕሮግራሙ የጻፈው ምንድን ነው? ብራውዘሩ የተጻፈውን ተቀበለ ወይ? ሰርቨሩስ የደረሰው የትኛው ነው? መለኪያው ከብራውዘሩ ጋር አብሮ ይገኛል። በክሮምም ሆነ በፋየርፎክስ ኤፍ12 የተባለውን ቁልፍ ስንጫን የመመርመሪያ መስኮት ይከፈታል፤ በውስጡም የኩኪዎች ሰንጠረዥና የተላኩ ጥያቄዎች ዝርዝር ይታያሉ።

ነጥብ በነጥብ

አንደኛ፣ አዝራሩ። በቅጽ ውስጥ የተቀመጠ አዝራር ዓይነቱ ካልተገለጸ ቅጹን ወደ ሰርቨር የሚልክ ሆኖ ይቆጠራል። ስለዚህ ሲጫን ገጹ እንደ አዲስ ይከፈታል፤ የምርመራ መልእክቶቻችንም ከመስኮቱ ይጠፋሉ። ይህ ብቻ አይደለም፤ ሰርቨሩ በመልሱ ያንኑ ኩኪ ከጻፈ ፕሮግራማችን የጻፈውን ይሽረዋል። መድኃኒቱ የአዝራሩን ዓይነት ተራ አዝራር ብሎ መግለጽ ነው።

ሁለተኛ፣ የተጻፈው ነገር። የኩኪ ዋጋ ምንጊዜም ጽሑፍ እንጂ ቁጥር አይደለም። ጃቫስክሪፕት በጽሑፍ ላይ 1 ሲደምር አኃዞቹን ጎን ለጎን ያጣብቃቸዋል፤ ስለዚህ 1 እና 1 ተደምረው 11 ይሆናሉ። ከመደመር በፊት ጽሑፉን ወደ ቁጥር መለወጥ ያስፈልጋል። በዋጋው ውስጥ የእንግሊዝኛው ነጠላ ሰረዝ ከነነጥቡ ቢገባ ደግሞ ብራውዘሩ ዋጋው እዚያ ላይ ያበቃ ስለሚመስለው ቀሪው ይቆረጣል።

ለእኛ ለፊደል ተጠቃሚዎች አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። የአማርኛ ጽሑፍ ወደ ኩኪ ከመግባቱ በፊት በፐርሰንት ምልክት የሚጻፍ ኮድ እንዲሆን ይመከራል። እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ-8 ሥርዓት 3 ባይት ይይዛል፤ እያንዳንዱ ባይትም በኮዱ 3 ምልክቶች ይወስዳል። «ሰላም» የሚለው ባለ 3 ፊደል ቃል እንግዲህ 27 ምልክት ይሆናል ማለት ነው። የአንድ ኩኪ መጠን በተለምዶ በ4096 ባይት ስለሚወሰን ከ450 ገደማ የበለጡ ፊደላት አይገቡበትም።

ሦስተኛ፣ የብራውዘሩ ውሳኔ። ብራውዘር የማይቀበለውን ኩኪ ያለ ማስጠንቀቂያ ሊጥለው ይችላል። ገጹ ከሰርቨር ሳይሆን በቀጥታ ከዲስክ ወይም ከፍላሽ ከተከፈተ ክሮም ኩኪውን አያስቀምጥም። ሰርቨሩ ኤችቲቲፒኦንሊ የሚል ምልክት ያደረገበትንም ኩኪ የገጹ ፕሮግራም ሊያነበውም ሊለውጠውም አይችልም። ይህ ለደኅንነት ሲባል የተደረገ ነው።

የጠፋው ቁጥር ተመልሶ የመምጣቱ ምክንያት ከዚሁ ወገን ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው አርኤፍሲ 6265 የተባለው ደንብ እንደሚያስቀምጠው አንድ ኩኪ የሚታወቀው በስሙ ብቻ ሳይሆን በስሙ፣ በድረ-ገጹ አድራሻና በመንገዱ ነው። መንገድ የምንለው ኩኪው የሚያገለግልበትን የገጾች ክፍል ነው። ፕሮግራሙ መንገድ ካልገለጸ ብራውዘሩ ገጹ ያለበትን ማኅደር ይወስዳል። ሰርቨሩ ለመላው ድረ-ገጽ የጻፈው ኩኪ ካለና ፕሮግራሙ ደግሞ በመልመጃው ማኅደር በዚያው ስም ከጻፈ፣ መንትያ ስም ያላቸው ሁለት ኩኪዎች ይኖራሉ። አንዱን ስናጠፋ ሌላው ይቀራል። ለማጥፋት በዚያው ስም፣ አድራሻና መንገድ የሚያበቃበትን ጊዜ ያለፈ አድርጎ መጻፍ ያስፈልጋል።

አራተኛ፣ ሰርቨሩ። ኩኪው የሚላከው ከሚቀጥለው ጥያቄ ጋር ነው። አሁን በፊታችን ያለው ገጽ የተዘጋጀው ቀደም ሲል በተላከው ኩኪ ነውና ቋንቋው ከአንድ ጭነት ኋላ መቅረቱ አያስደንቅም። እዚህ ላይ ኩኪው በትክክል ተለውጧል፤ ያልተለወጠው ገጹ ነው። ስለዚህ ፕሮግራሙ ኩኪውን ከጻፈ በኋላ ገጹን ራሱ ማደስ ወይም አዲስ ጥያቄ መላክ አለበት።

«አልቀበልም» የሚለው አዝራር

ይህ ዕውቀት ከፕሮግራም ሠሪዎች አልፎ ተጠቃሚውንም ይመለከታል። በብዙ ድረ-ገጾች «እቀበላለሁ» እና «አልቀበልም» የሚሉ አዝራሮች ይቀርቡልናል። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2022 የፈረንሳይ የመረጃ ጥበቃ ተቋም ኩኪን አለመቀበል እንደ መቀበል ቀላል ስላልተደረገ ጉግልን 150 ሚሊዮን ዩሮ፣ ፌስቡክን 60 ሚሊዮን ዩሮ መቅጣቱን አስታውቋል። የአዝራር አሠራር ከሰው የግል ሕይወት ጋር ምን ያህል እንደሚያያዝ ከዚህ እንረዳለን።

አዝራሩ ቃሉን መጠበቁን ማንም ተማሪ ሊመረምር ይችላል። ገጹን በግል መስኮት ከፍቶ የኩኪዎቹን ሰንጠረዥ ይመዝግብ፤ «አልቀበልም» የሚለውን ይጫን፤ ገጹን ያድስና እንደገና ይመዝግብ። ሁለቱን ዝርዝሮች ሲያነጻጽር አንድ ኩኪ ቢጨመር አይደናገጥ፤ ትዝታ የሌለው ሰርቨር እንቢታውን እንኳ የሚያስታውሰው በኩኪ ነውና። የስለላ ኩኪዎች ተጨምረው ካገኘ ግን አዝራሩ ያለውንና ያደረገውን ለይቶ አውቋል ማለት ነው።

ለአንባብያን የቀረበ መልመጃ፦ አንድ አዝራር ያለበት ገጽ አዘጋጅታችሁ ያንኑ የኩኪ ስም በሁለት የተለያዩ መንገዶች ጻፉበት። ከዚያ አዝራሩ አንደኛውን ብቻ እንዲያጠፋ አድርጉ። ገጹን ከማደሳችሁ በፊት በሰንጠረዡ ምን እንደሚቀር ገምቱና በወረቀት ጻፉ፤ ከዚያም ከምታዩት ጋር አስተያዩት።