የተሽከርካሪ ወንበርዎ ፍሬን ይይዛል?

ከአልጋ ወደ ተሽከርካሪ ወንበርዎ ሊዛወሩ ነው። ፍሬኑን እንደወትሮው ይዘዋል። በክንድዎ ተደግፈው ሰውነትዎን ሲያዞሩ ግን ወንበሩ ወደኋላ ይሸሻል፤ እርስዎም ወለሉ ላይ ይወድቃሉ። ፍሬኑ ተይዞ ሳለ ወንበሩ ለምን ተንሸራተተ? ብዙ ጊዜ ምክንያቱ የሚገኘው ፍሬኑ ላይ ሳይሆን ጎማው ላይ ነው።

በእጅ የሚገፋ ተሽከርካሪ ወንበር (ዊልቸር) ፍሬን በአብዛኛው የሚሠራው ትልቁን ጎማ ተጭኖ በመያዝ ነው። የጎማው ንፋስ ሲጎድል ፍሬኑ አጥብቆ የሚጫነው ነገር ያጣል። የላላ ጎማ ሲገፉትም ይከብዳል፤ ትከሻንና የእጅ አንጓን ያደክማል። ስለዚህ የጎማ ንፋስ የምቾት ብቻ ሳይሆን የጤናና የደህንነት ጉዳይ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት በዓለም ላይ 80 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ተሽከርካሪ ወንበር እንደሚያስፈልጋቸው ይገልጻል። እርስዎ ወይም ቤተሰብዎ ከእነዚህ አንዱ ከሆናችሁ በሳምንት ጥቂት ደቂቃ ለወንበሩ መስጠት ከብዙ ጉዳት ያድናል።

በየሳምንቱ ምን ይፈትሹ?

በመጀመሪያ ጎማውን በአውራ ጣትዎ ጠንከር አድርገው ይጫኑት። ከግማሽ ሴንቲ ሜትር በላይ ከጎደጎደ ንፋስ ያስሞሉት። የሚበቃው የንፋስ መጠን ብዙ ጊዜ በጎማው ጎን ላይ ተጽፎ ይገኛል። ቀጥሎ በሁለቱም በኩል ፍሬኑን ይያዙና ሌላ ሰው ባዶውን ወንበር ከኋላ እንዲገፋው ያድርጉ። ጎማው ከዞረ ፍሬኑ መስተካከል አለበት። ፍሬኑን የሚያስተካክሉት ግን ጎማውን ከሞሉ በኋላ ነው፤ በላላ ጎማ ላይ የተጠበቀ ፍሬን ጎማው ሲሞላ እየታከከ ያስቸግራል።

የፊት ትንንሽ ጎማዎች ላይ የተጠመጠመ ፀጉርና ክር ያስወግዱ። በዝናብ ወቅት ከውጭ ሲመለሱ ጭቃውን በእርጥብ ጨርቅ ጠርገው በደረቅ ጨርቅ ያድርቁ። ውሃ በኃይል በሚረጭ ጎማ አይጠቡት፤ ውሃው ኩሽኔታው ውስጥ ገብቶ ያዝገዋል።

በወር አንድ ጊዜ ደግሞ የላሉ ብሎኖችን ያጥብቁ፤ የሚታጠፉ መጋጠሚያዎችን ዘይት ጠብ ያድርጉባቸው። ዘይቱ ጎማውን እንዳይነካ ይጠንቀቁ። የተቀደደ ጎማንና የላላ የጎማ ሽቦን የሰፈርዎ ብስክሌት ጠጋኝ ሊሠራው ይችላል። ብረቱ ላይ ስንጥቅ ካዩ ግን እስኪጠገን ድረስ አይቀመጡበት።

ሲጠቀሙበት ይጠንቀቁ

ፍሬኑ የቆመን ወንበር ለመያዝ እንጂ በጉዞ ላይ ፍጥነት ለመቀነስ አይደለም። ቁልቁለት ላይ በድንገት ከያዙት ወደፊት ሊወረውርዎ ይችላል። ከወንበሩ ሲነሡም ሆነ ሲቀመጡ ሁለቱንም ፍሬን ይያዙ፤ የእግር ማሳረፊያውን ያጥፉት። በእግር ማሳረፊያው ላይ መቆም ወንበሩን ወደፊት ይገለብጠዋል። ከባድ ቦርሳ በኋላ መደገፊያው ላይ ማንጠልጠልም፣ በተለይ ዳገት ላይ፣ ወደኋላ ሊጥልዎ ይችላል።

ለሚገፉ ቤተሰቦችም ምክር አለን። ቀጥ ያለ ቁልቁለት ሲያጋጥማችሁ ወንበሩን አዙራችሁ ወደኋላ ቀስ እያላችሁ አውርዱት። ደረጃ ላይ ሰው እንደተቀመጠበት ማንሳት የግድ ከሆነ ከአንድ ሰው በላይ ያስፈልጋል። የምትይዙትም የማይነቀለውን ዋና ብረት ይሁን፤ የክንድና የእግር ማሳረፊያ በእጃችሁ ላይ ሊወልቅ ይችላል። ታጣፊውን ወንበር ስትዘረጉ ደግሞ መቀመጫውን በመዳፍ ወደታች ተጫኑ እንጂ ጣታችሁን በብረቶቹ መካከል አታስገቡ።

ቆዳዎን አይርሱ

የወንበሩ ደህንነት በብረቱ ብቻ አያበቃም። ለረጅም ሰዓት አንድ ቦታ መቀመጥ የደም ዝውውርን ስለሚያግድ የግፊት ቁስል ያስከትላል። የታችኛው ሰውነታቸው ስሜት ለሌላቸው ሰዎች ቁስሉ ሳይታወቅ ጠልቆ እስከ አጥንት ሊደርስና ሕይወትንም አደጋ ላይ ሊጥል ይችላል። ስለዚህ በየ15 እስከ 30 ደቂቃው ወደፊት ወይም ወደጎን ዘንበል ብለው መቀመጫዎን ያሳርፉ።

የመቀመጫ ትራስዎንም ይፈትሹ። እርስዎ እንደተቀመጡ አንድ የቤተሰብ አባል መዳፉን ወደላይ አድርጎ ጣቶቹን ከመቀመጫ አጥንትዎ ሥር ያስገባ። ጣቶቹን ወደላይና ወደታች ማንቀሳቀስ ካቃተው ትራሱ ሳስቷል ማለት ነው፤ ይቀየር። ትኩስ ድስት ወይም ጀበና ጭንዎ ላይ አድርገው አይጓዙ፤ ስሜት የሌለው ቆዳ ሲቃጠል አያስጠነቅቅም።

ማታ ሲተኙ መቀመጫዎን፣ ዳሌዎንና ተረከዝዎን በመስታወት ወይም በቤተሰብ እገዛ ይመልከቱ። የቀላ፣ ከወትሮው የጠቆረ፣ የሞቀ ወይም የጠጠረ ቦታ ካገኙ እዚያ ላይ አይቀመጡ፤ አይተኙም። ለውጡ ካልጠፋ ወይም ቆዳው ከተላጠ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ።

ተሽከርካሪ ወንበር ለተጠቃሚው እግሩ ነው። ዛሬ ከመነሣትዎ በፊት ጎማውን በአውራ ጣትዎ ጫን ያድርጉት፤ ፍሬኑ መያዝ አለመያዙን የሚነግርዎ እሱ ነው።